ድራሙ ዝም ያለ ለት

እኔ የማውቀው ከበሮ ሁለት ነበር። አንዱ በበዓል ቀን አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ሲመታ ቤቴ ድረስ የሚሰማኝ፤ ሌላው ሰርግ ቤት ሴቶች ተቀባብለው የሚደልቁት። ሦስተኛውን ያመጣችብኝ የልጅ ልጄ ናት። እሷም ከበሮ አትለውም፤ ድራም ነው የምትለው። ቀን መርካቶ የሰው ሱቅ ውስጥ ሽቶና የፀጉር ቅባት ትሸጣለች፤ ከሥራ ስትወጣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ከሚኖር፣ ባንድ ውስጥ ከሚጫወት ሰው ትማራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ አርፎ አያውቅም። ድስት ስከድን ክዳኑን ትመታለች፣ ጀሪካን ስታገኝ ትመታለች፣ እንግዳ ሆና ሰው ቤት ተቀምጣ እንኳ የሶፋውን ክንድ ትመታለች። እኔ ዓመል ነው ብዬ ትቼው ኖሬ ለካ ሙያ ኖሯል።

አስተማሪዋ አንድ ቀን አሮጌ ድራሙን በትውስት ሰጣት። ቤትሽ ወስደሽ ተለማመጂበት፣ ከተስማማሽ ትወስጂዋለሽ፣ ካልተስማማሽ ትመልሽልኛለሽ አላት። ተሸካሚ በጋሪ ገፍቶ ሲያመጣው አንድ ከበሮ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንድ ቤተሰብ ነው። መሬት ተቀምጦ በእግር የሚመታ ትልቅ አባወራ አለው። ጎን ለጎን የተደረደሩ ልጆች አሉት። ፊት ለፊት እንደ ቆርቆሮ የምትንጫጫ አንዲት ትንሽ አለች። ከላይ ደግሞ የነሐስ ሳህን የመሰሉ ተንጠልጥለዋል፤ እነሱን ጸናጽል ብዬ ብጠራቸው የልጅ ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ። አልጋዬን አስጠጋን፣ ቁም ሳጥኑን ወደ በሩ ገፋን፣ ቤተሰቡን አስገባነው።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፤ በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተደረደረ የጭቃ ቤት። ግድግዳው ሰውን ከሰው አይለይም፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ጓደኛዬ ናት። ነበረች ማለቴ ነው። አፌ ገና አልለመደውም።

እኔና እሷ መርካቶ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው ያረጀነው። እሷ ቆጮ ትሸጣለች፣ እኔ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። እሷ ከጉራጌ አገር የመጣች ሙስሊም ናት፣ እኔ የጎጃም ክርስቲያን ነኝ። እሷ ልትሰግድ ስትነሣ ቆጮዋን እሸጥላታለሁ፤ እኔ ቅዳሴ ስቆይ እሷ ዝንጅብሌን ትሸጥልኛለች፤ አንዳንዴም ከእኔ አስወድዳ። በኋላ አንድ እግሯ ከዳት፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ተከተለው፣ አልጋ ላይ ዋለች። ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት። ልጅቷ እናቴን አሳክማለሁ ብላ ዓረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች። በየዓርቡ ትደውል ነበር። ከዚያ ድንገት ዓርብ መጣ፣ ስልኩ አልጮኸም። የሚቀጥለውም ዓርብ እንደዚያው። እዚህ ሆነን ብንደውል አይሠራም። የላካት ደላላም ቤት ሳትቀይር አትቀርም ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም።

ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ በጆሮዋ ብቻ መኖር ጀመረች። ተኝታ የግቢውን ድምፅ ትለቅማለች፤ የማን በር እንደተከፈተ፣ ማን እንደሳለ፣ ማን ከማን ጋር እንዳንሾካሾከ። በተለይ ሹክሹክታ ያስደነግጣት ነበር። እኔም ይሄን ስለማውቅ እሷ ቤት ደጃፍ ሆኜ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንኳ ሳወራ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

እንግዲህ ድራሙ የገባው በዚህ መሀል ነው። የልጅ ልጄ መምታት ስትጀምር ግቢው ተናወጠ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን በሁለተኛው ቀን መጣ። «እትዬ፣ ልጅቷ ስትመታ እግሬ መኪናውን በእሷ ምት ነው የሚረግጠው። የሰው ሱሪ በእስክስታ ሰፋሁ» አለኝ። ስቀን ተለያየን። ግን ጎረቤት ነገሩን በቀልድ ማምጣት ከጀመረ ጨዋ ሆኖ እንጂ መርሮት ነው። ብርድ ልብስ በአባወራው ሆድ ውስጥ ጠቀጠቅን፣ ግድግዳው ላይ ምንጣፍ ሰቀልን። ትንንሾቹ ትንሽ ዝግ አሉ። ትልቁ ግን በመሬት ነው የሚሄደው፤ ምንጣፍ አያግደውም።

ጓደኛዬን ሄጄ ረበሸችሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ኧረ ትምታ፣ እኔን ምን አደረገችኝ አለችኝ። በእኛ አገር ይሄ መልስ አይደለም። ሰው እርቦት እንኳ ብላ ሲሉት አሁን በልቼ መጣሁ ነው የሚለው። ይሉኝታ ነው ብዬ ወሰድኩት። ማንም ቢሆን እንደዚያ ነበር የሚወስደው። የታመመች ሴት ራስጌ ከበሮ እያስደለቁ እንዴት ይተኛል።

እንግዲያው ድምፁ የማይወጣ ዓይነት አለ፣ ኤሌክትሮኒክ ነው፣ እሱን እንየው አለችኝ የልጅ ልጄ። ሁለታችን ሆነን መርካቶ አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ማዘር፣ ድራመሯ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ከማን አንሼ ነው ያልሆንኩት አልኩት። ሳቀና ወንበር አመጣልኝ።

እንደ እኛው ያለ የቆዳ ድራምና ኤሌክትሮኒኩን ጎን ለጎን አስቀምጦ አስመታት። ኤሌክትሮኒኩ የተገጣጠመ ብረት ነው፤ ብረቱ ላይ ምጣድ የሚያህሉ ጥቁር ላስቲኮች ተሰክተዋል፤ ሽቦ አለው፣ ከመብራት ይሰካል፣ ድምፁ የሚሰማው ጆሮ ላይ በሚደረገው ማዳመጫ ነው። እኔም ላድርግልሽ አለችኝና አደረገችልኝ። ስትመታ ዓለም በሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ገባች፤ ሰርግ ነው፣ ነጎድጓድ ነው። ሳወልቀው ጠቅ ጠቅ ብቻ፤ ጎመን የሚከትፍ ሰው ይመስላል። ባለሱቁ ይሄኛው ከጎረቤት የማያጣላ ነው፣ ማዘር እዚያው አጠገቧ ጋደም ማለት ይችላሉ አለ።

የልጅ ልጄ ግን ፊቷ አልፈታም። ጠጋ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ላስቲኩ ዱላውን አጉል ያነጥረዋል፣ መብራት ከጠፋ ልምምድ የለም፣ ደግሞ ስሳሳት ይሸፋፍንልኛል፣ ቆዳው ግን ስሳሳት ይቆጣኛል አለችኝ። እኔን የሚያስተምረኝ የሚቆጣኝ ነው አለች። እኔም በሆዴ እውነትሽን ነው አልኩ። ዱላዎቹን አገላበጠች። ከዚያ ባለሱቁን ይሄን ጠቅልልልኝ አለችው። ስንወጣ ለእትዬ ስል ነው አለችኝ። እትዬ የምትለው ጓደኛዬን ነው።

አሮጌውን ቤተሰብ በዚያው ዕለት ለአስተማሪዋ መለሰች። አዲሱን ገጠመች፣ ማዳመጫዋን አደረገች፣ መታች። ቤቱ ጸጥ አለ። ልብስ ሰፊው በር ላይ ሲያልፍ ባርኔጣውን አነሣልኝ። እኔም እፎይ አልኩ፤ ጓደኛዬ ዛሬ ታርፋለች አልኩ።

ማግስቱን የውሃ ተራችን ነበር። ሰፈራችን ውሃ የምትመጣው ማለዳ ነው፤ ካልቀደሟት ትሄዳለች። ሌላ ቀን እሷ ቤት የምገባው ረፈድ ሲል ነው፣ አጥሚት ይዤ። ያን ቀን ግን ጀሪካኗን ልወስድ ገና ሳይነጋጋ በሯን ገፋ አደረግሁ። ነቅታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እንዴት አደርሽ ከማለቴ በፊት፣

«ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?» አለችኝ።

አልገባኝም። ብቻዬን ነኝ፣ ጀሪካንሽን ልውሰድ ብዬ ነው አልኳት።

«ሌሎቹን ደጅ አታቁሚያቸው፣ ብርድ ነው። አስገቢያቸውና ንገሩኝ።»

ጀሪካኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። በእኛም ዘንድ በእነሱም ዘንድ የሞት ወሬ ባለቤቱ ላይ እንዲሁ አይወረወርም። ይደበቃል። ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ከዚያ በማለዳ ሰብሰብ ብለው ገብተው መርዶውን ይነግሩታል። እስከዚያው የሰማ ጎረቤት ዝም ይላል፤ ሬዲዮውን ይዘጋል፣ የሚዘፍነውን ይቆጣል። ድራሙ ከትናንት ጀምሮ ድንገት ጠፋባት። ዛሬ በማለዳ እኔ በሯን ከፍቼ ገባሁ። ሁለቱን ደመረችና ልጇን ቀበረች።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ አዲሱ ድራም፣ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ማዳመጫው ሁሉን አስረዳኋት። ለራሴም ሲሰማኝ የተፈጠረ ወሬ መሰለኝ። የማይሰማ ከበሮ ገዛን ብሎ ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው። አማኑኤልን፣ የደበቅሁሽ የለም አልኳት። እጄን ያዘችኝ፤ እንደ መቆጣት ሳይሆን እንደ ማዘን።

«አንቺና እኔ አብረን ስንቱን አረዳን?» አለችኝ። «ከማርዳታችን በፊትስ ስንቱን ምለን አታለልን? አልሰማሁም ትያለሽ። እስቲ ‹ልጅሽ አለች› ብለሽ አማኑኤልን ጥሪልኝ።»

 አለች ብዬ በምን ልማል? እኔስ የት አውቄ። አለመማሌን አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አጥሚቱን አሙቄ ባመጣ አልቀመሰችም። ለልጄ ሳላለቅስ አልበላም፣ ለቅሶዬን አትከልክሉኝ ነው የምትለው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ ነገሩን አባባሰው። ልብስ ሰፊው መጥቶ ማለላት። የመስጊዱን ሼህ ለምነን አምጥተን ምንም የተሰማ ወሬ የለም አሏት። የመርካቶ ወዳጆቻችን ሥራቸውን እየዘጉ መጥተው አልጋዋን ከበቡ። ሰው ሊያጽናናት በገባ ቁጥር ቤቱ ለቅሶ ቤት እየመሰለ ሄደ፤ ወንበር እንኳ ከጎረቤት ተዋስን። እሷም ለሚመጣው ሁሉ አላህ ይስጣችሁ ትላለች፤ ለቅሶ ለደረሰ ሰው እንደሚባለው።

የልጅ ልጄ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት። አዲሱን ድራም ነቅላ፣ ተሸክማ፣ ጓደኛዬ አልጋ አጠገብ ተከለችው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ በቀስታ አደረገችላት። አላቆምኩም እትዬ፣ ይኸው እየመታሁ ነው፣ ይስሙኝ አለቻት። መታችላት። ጓደኛዬ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች። አወለቀችና የልጅቷን ጉንጭ ዳበሰች።

«ደስ ይላል፣ የኔ ልጅ። ግን ይሄን ከእኔ በቀር ማን ሰማው? ለቅሶ ያለበት ግቢ ውስጥም እኮ ዘፈን ያማረው ሰው እንዲህ በጆሮው ብቻ ነው የሚሰማው።»

ይሄን ነበር ሁላችንም ያላሰብነው። በጆሮ ብቻ የሚሰማ ከበሮ አንድ ሰው ያስደስታል፤ በግቢው ሞት የለም ብሎ ግን አይመሰክርም።

ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር እናያይዘው ብላ ስትሮጥ መብራት ጠፋ። እሷም መብራቱን አልጠበቀችም፤ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሄደች። አስተማሪዋ ድራሙን ለሌላ ተማሪ ቃል ገብቶ ኖሯል። ምን ብላ እንደለመነችው አልነገረችኝም። አባወራውን፣ ትንሿንና አንዱን ነሐስ ሰጥቷት በሚኒባስ ይዛቸው መጣች። ረዳቱ እነዚህ ቤተሰቦችሽ ትንሽ ጠጋ ጠጋ ይበሉልኝ እያለ ሲቀልድባት መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ አላለችም ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ቀርታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ብርድ ልብሱን ከአባወራው ሆድ አውጥታ መታች። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ ወጣ። ሴቶቹ ከየበራቸው ብቅ አሉ። ማንም ዝም በይ አላላትም። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አያታለሁ። እንባዋ እየወረደ ቆዳው ላይ ይንጠባጠባል፤ ዱላው መልሶ ይረጨዋል። ያለቀሰችበት ምት ነው። በግድግዳው ወዲያ የሚሰማው ግን ሰርግ ነው።

ወደ ጓደኛዬ ተሻገርኩ። ፊቷን ከግድግዳው መልሳለች። ጣቷ ብርድ ልብሱ ላይ ምቱን ይከተላል። ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።

«ይህቺ ልጅ ሰው በሞተበት ግቢ እንዲህ አትመታም» አለችኝ። ከዚያ፣ «አጥሚቱ አለ?» አለች።

በማንኪያ አጎረስኳት። በየማንኪያው መሀል ልጄ ትደውላለች፣ ይሄኔ ማዳሟ ስልኳን ቀምታት ነው፣ ትደውላለች ትለኛለች። እኔም አዎ እላታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅ ልጄ ከሥራ መልስ ሳትመታ አልዋለችም። ልብስ ሰፊው ራሱ ስትዘገይበት በሩን እያንኳኳ፣ ሱሪው ይበላሽ፣ አንቺ ምቺ ይላት ነበር።

ጓደኛዬ ብዙ አልቆየችም። ደክማ ነበር፤ ሕመሙም ከእግሯ አልፎ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። አንድ ጠዋት አጥሚት ይዤ ስገባ እጇ ቀዝቅዟል። ልጄ አለች ብላ ነው የሄደችው። እውነት ይሁን ውሸት እኔ ያኔ አላውቅም። በእነሱ ሥርዓት በዚያው ቀን ተቀበረች። ግቢው ላይ ድንኳን ተተከለ። የልጅ ልጄ ድራሙ ላይ ጋቢ ጣለችበት። እኔ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ስለ ቆጮና ስለ ዝንጅብል ብቻዬን አወራለሁ፤ ሰዎቹ እያለቀሰች ነው ይላሉ።

ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል የእኔ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የማላውቀው ነው። አነሣሁት። «እማማ፣ እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋን ለየሁት፤ የጓደኛዬ ልጅ ናት። በሕይወት አለች። የቀድሞ ማዳሟ ስልኳን ቀምታ በር ዘግታባት ኖሮ፣ አምልጣ ሌላ ቤት ገብታ፣ ገና ዛሬ ስልክ ማግኘቷ ነው። የእናቴ ስልክ ዝግ ነው፣ እናቴን አገናኙኝ አለችኝ።

እናቷ ይህችን ድምፅ ለመስማት ነበር ያን ሁሉ ጊዜ ጆሮዋን ጥላ የተኛችው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። በሰው ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ ማን ይደግፋታል? ስትወድቅ ማን ያነሣታል? ወገቧን ማን ይይዛታል? ተኝታለች፣ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታ ዛሬ ገና ወሰዳት አልኳት። የእናቷ ልጅ ናት፤ እሷም እያዳመጠች ነው።

«ግቢው ለምን ጭር አለ?» አለችኝ።

የልጅ ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ ሰማች። ተነሥታ ገባች። ጋቢውን ስትገፍፈው አየሁ። ከዚያ መታች። የለቅሶ ሰው አፉን በእጁ ያዘ፤ አንዲት ሴትዮ ኧረ ነውር ነው እያለች ስትነሣ ልብስ ሰፊው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራትና ተመልሳ ተቀመጠች። ስልኩ ውስጥ ልጅቷ ሳቀች። ይህች የልጅ ልጅሽ ደግሞ ድራም መምታት ጀመረች እንዴ አለችኝ። አዎ፣ አስቸገረችን አልኳት።

አሁን በየዓርቡ ትደውላለች። አገሯ ስትመለስ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ እኔም ባለሁበት ይነገራታል ብለን ተማክረናል። የልጅ ልጄ ትምህርቷን የምትለማመደው በላስቲኩ ነው፣ ማዳመጫዋን አድርጋ። እውነተኛው ድራም የሚመታው ዓርብ ስልኩ ሲጮኽ ብቻ ነው። የምትወደው እሱን ነበር። ሽቶ ስሸጥ በአፌ መዋሸት ለምጃለሁ እማማ፣ በእጄ ስዋሽ ግን እጄን ያመኛል አለችኝ አንድ ቀን።

እኔም የምለው እያለቀብኝ ነው። ተኝታለች ብያለሁ። ጉሮሮዋን ይዟት ድምፅ የላትም ብያለሁ። ጆሮዋ ከበዳት፣ በስልክ አትሰማም ብያለሁ። ባለፈው ዓርብ ግን ምንም ጠፋኝ። ዘመዶቿ መጥተው ወደ አገር ቤት ይዘዋት ሄዱ፣ ሄደች አልኳት።

«በምን እግሯ?» አለችኝ።

ድራሙ ከኋላዬ ይመታል። «በራሷ» አልኳት።

አልሐምዱሊላህ አለች፤ ደጋገመችው። የሰው ቤት መሆኗን ረስታ እልል አለች። ከጀርባዋ አንዲት ሴት በዓረብኛ ስትጮህባት ይሰማኛል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ እንዴት አድርጋ እንደምትራመድ ንገሪኝ አለችኝ።

«ቀስ ብላ ነው፣ ልጄ» አልኳት። «ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ።»